ከሰል የማይገባበት ቤት

አቶ ሞልቱ በንቲ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰዋል። ጉንጫቸው ቀይ ነው። ከሩቅ ላያቸው፣ ከእንቅልፋቸው ሊነሡ ጥቂት የቀራቸው እንጂ ሕይወታቸው ያለፈ አይመስሉም። ኢንስፔክተር እፀገነት ገብረ መድኅን በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ እንዲህ ደህና የሚመስለው ግን ሁልጊዜ ይከብዳታል።

«ታፍነው ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ የሚቀላው ከሰል ያፈነው ሰው ነው።»

«ከሰል?» አሉ ከኋላዋ የቆሙት ሰው። «እዚህ ቤት ከሰል ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ!»

ተናጋሪው የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ዳባ ናቸው። መኖሪያቸው እዚያው ላፍቶ፣ ከወንድማቸው ቤት ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። አስከሬኑን ያገኙትም፣ ፖሊስ የጠሩትም እሳቸው ናቸው።

«ወንድሜን የገደለው ይኼ ነው» አሉ በአልጋው ግርጌ ወዳለው የብረት ምድጃ እየጠቆሙ። «የጢስ ማውጫ ቱቦው ወልቋል፣ ይኸው። ምሳ አብረን በልተን ስምንት ሰዓት ላይ ተኝቶ ትቼው ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ክፍሉ ታፍኗል፣ ምድጃው ይነዳል። መስኮቱን ከፈትኩና አንድ ጆግ ውኃ ደፋሁበት። ከዚያ ሞልቱን ነካሁት…»

«ውኃውን የደፉት የት ላይ ነው?»

«እሳቱ ላይ ነዋ። ከላይ።»

እፀገነት ተንበረከከች። ምድጃው የሚነደው ሻጮቹ ፔሌት በሚሉት ማገዶ ነው፤ ሰጋቱራ ወይም ገለባ ተፈጭቶና ተጨምቆ የሚሠራ፣ የሕፃን ጣት የሚያህል። ከእሳቱ ማስቀመጫ አንድ እፍኝ ወሰደች። ግማሹ ጫፍ ጫፉ ጠቁሯል፤ የቀረው ጥቁር ቡናማ፣ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው። በወረቀት ጠቀለለችው። ቀና ብላ የወለቀውን ቱቦ፣ ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ያለውንም ግድግዳ አየች። ግድግዳው በቅርቡ ኖራ ተቀብቶ ወተት መስሏል።

ከዚያ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ትንሽ ምንጣፍ ገለጥ አደረገችው። በተወለወለው ጣውላ ላይ ሦስት፣ እያንዳንዳቸው ከሳንቲም የማይበልጡ የተቃጠሉ ነጥቦች ነበሩ። ምንጣፉን መልሳ ሸፈነችውና ተነሣች።

«ሳጅን ሚሳኤል» አለች ረዳቷን፣ «ሳይመሽ የግቢውን ቦይ እስከ አጥሩ ድረስ እይልኝ።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት በማግስቱ ደረሰ። አቶ ሞልቱን የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሰልም ሆነ ሌላ ማገዶ በታፈነ ቤት ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ነው። ሰፈሩ ግን ከሐኪሙ በፊት ፈርዶ ጨርሷል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያው ክፍል፣ እንዲሁ በክረምት፣ የአቶ ሞልቱ ሚስት ወይዘሮ አማከለች ታመው በተኙበት ከሰል አፍኗቸው ሞተዋል። አቶ ሞልቱ ያኔ የክረምቱን ማገዶ ሳይገዙ ለሥራ ጅማ ሄደው ነበር። ሚስትየው ብርዱ ሲጠናባቸው ራሳቸው ማንደጃ አስገቡ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሥራ መምህር የነበሩት ሰው ምድጃውን በእጃቸው ሠሩ፤ ከሰል ከግቢያቸው በር እንዳያልፍ ከለከሉ። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ዝናቡን እየቀደሙ ፔሌት ሲመርጡ ይሰነብታሉ። አሁን ጎረቤቱ በሹክሹክታ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «መጥታ ወሰደችው።»

መካኒሳ ያለው የኢያቄም ሥራ ቤት ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው። ኢያቄም ፔሌት የሚያመርተው እዚያ ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ አቧራ ቅንድቡ ላይ የተኛበት ሰው። እፀገነትን ሲያያት የማሽኑን ማብሪያ አጠፋ።

«ሰው ሁሉ ኢያቄም የሸጠው ማገዶ ገደለው እያለ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «እኔ ለጋሽ ሞልቱ መጥፎ ዕቃ ልሰጥ? እሳቸውን ማታለልስ ይቻላል? በየዓመቱ ናሙና ይወስዳሉ። ሰብረው ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ለየብቻ አንድደው አመዱን ይመዝናሉ። አንድ ጆንያ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት!»

«ዘንድሮ ምን መረጡ?»

«የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ። የቡና ገለባውን አልወደዱትም፤ አመዱ ብዙ ነው፣ እሳቱ ላይ ይጋገራል። ‹ይኼን እንኳን ክፍሌ ውስጥ፣ ጓሮዬም አላነድደውም፤ መጥተህ ውሰድ› ብለውኝ፣ ልመልሰው ስል ነው የሞቱት።»

እፀገነት በወረቀት የጠቀለለችውን አወጣች። ኢያቄም አንዷን ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ፋቃት፣ አሸተታት፣ ፊቱም ተለወጠ።

«ይኼ የቡና ገለባው ነው። ከየት አመጡት?»

«ከምድጃቸው።»

«አይሆንም» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «በፍጹም። የመረጡት ባሕር ዛፍ ዕቃ ቤት ቆጥ ላይ ተሰቅሎላቸዋል፤ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ገለባውን በር ሥር ትቼው ነበር።»

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«እትዬ ሪሐና። ሲሞክሩት አብራቸው ነበረች።»

ሪሐና በአቶ ሞልቱ ሰርቪስ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የተከራየች ልብስ ሰፊ ናት። እፀገነት ስትገባ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ክር ግን አላስገባችም። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ያን ቀን ምን ሰማሽ?»

«የሰማሁት የለም። የሸተተኝ እንጂ።» ሻሿን አጠበቀች። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ልብስ ላነሣ ወጣሁ። ከሰል ሸተተኝ። እዚህ ግቢ ከሰል! እትዬ አማከለች የሞቱ ዕለት የሸተተኝ ያው ሽታ ነው። ልብሱን እዚያው ትቼ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ። ወጥቼ ባየሁ ኖሮ… ጋሼ በሕይወት ነበሩ ያን ጊዜ፣ አይደል?»

እፀገነት ልትዋሻት አልፈለገችም፤ እውነቱንም ልትነግራት አልደፈረችም። «የሞተ ሰው ተነሥቶ ከሰል አያቀጣጥልም፣ ሪሐና» አለች። «ሌላ የምትነግሪኝ አለሽ።»

ሪሐና ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ የነገረቻትን እፀገነት ቀና ሳትል ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ይህንኑ ለአቶ ሞልቱ የነገረችበትን ቀን ደግማ ጠየቀቻት፤ ከመሞታቸው ከአራት ቀን በፊት ነበር።

የሟቹ አንድያ ልጅ ሀና በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። ያን ቀን እስከ ማታ ተረኛ እንደነበረች ባልደረቦቿ መስክረዋል። እሷ ግን ራሷን ትከስሳለች።

«የሳል ሽሮፑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያስተኛል። ምሳ በልቶ አንድ ማንኪያ ከወሰደ ሁለት ሦስት ሰዓት አይነቃም። ባይተኛ ይሰማው ነበር።»

«ከሞቱ በፊት ደውለውልሽ ነበር?»

«አዎ። ‹እሑድ ነዪ፤ ዳባ የሚነግርሽ ነገር አለ፤ ከራሱ አፍ ብትሰሚው ይሻላል› አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።» ጥቂት አሰበች። «ምናልባት አጎቴ፣ ዳቢ፣ ታሞ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ስትሞት አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው አይነጋገርም ነበር። ትምህርት ቤት የሚወስደኝ፣ ስመረቅ አጠገቤ የቆመው ዳቢ ነው። እሱንም ካጣሁ…»

«የአባትሽ መኝታ ክፍል ወለል የተሠራው መቼ ነው?»

«ከእናቴ ሞት በኋላ አባቴ በአዲስ ጣውላ ለወጠው። አሮጌውን ማየት አልቻለም።»

እሑድ ጠዋት አራቱም አቶ ሞልቱ በሞቱበት ክፍል ተሰበሰቡ። ውጭው ጨፍግጓል። ሪሐና በሩ አጠገብ ቆመች፤ ወደ ውስጥ ገብታ መቀመጥ አልሆነላትም። ኢያቄም ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ሀና ከአቶ ዳባ ጎን ተቀምጣ ክንዳቸውን ይዛለች። ሳጅን ሚሳኤል በፌስታል የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እፀገነት አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀረበችና ከወረቀቱ ውስጥ ጥቂት ፔሌቶች ጨመረችበት።

«ይህ እዚህ ይቆይ» አለች። «ከግድግዳው እንጀምር። አቶ ሞልቱን የገደለው ከወለቀው ቱቦ የወጣ ጢስ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው እስኪሞት ድረስ የጨሰ ምድጃ ይህን ኖራ ጥላሸት ያለብሰው ነበር። ግድግዳው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቱቦው የወለቀው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። የወለቀም አይደለም፤ ተነቅሏል።»

ወደ ምድጃው ዞረች።

«ሁለተኛ፣ ምድጃው ውስጥ ያለው የቡና ገለባ ነው። አቶ ሞልቱ ሞክረው የጠሉት፣ ክፍላቸው እንዳይነድ የማሉበት። ምድጃውን ያቀጣጠለው እሳቸው አይደሉም። በር ሥር ያገኘውን ጆንያ ያነሣ፣ የትኛው እንደተመረጠ የማያውቅ ሰው ነው። ኢያቄም ያውቃል። ሪሐና ታውቃለች። ሀና ሥራ ላይ ነበረች።»

ሀና የአቶ ዳባን ክንድ እንደያዘች ነበር።

«ታዲያ ምን ገደላቸው?» አለ ኢያቄም።

እፀገነት ምንጣፉን ሳበችው። «የማንደጃ ሦስት እግር። ወለሉ ከወይዘሮ አማከለች ሞት በኋላ የተሠራ ስለሆነ ምልክቱ የድሮ አይደለም። በደንብ የተቀጣጠለ ከሰል ግድግዳ አያጠቁርም፤ በተዘጋ ቤት ግን የተኛ ሰው ይገድላል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሪሐናን የሸተታት መንፈስ አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ጀርባ ማንደጃ ሲያቀጣጥል ነው። ሥራው ሲያልቅ ከሰሉን ቦይ ውስጥ ደፋው።» ፌስታሉን ፈታችው። ጥቋቁር የከሰል ጉማጆች በእርጥብ ጭቃ ተለውሰው ታዩ።

«ማንም መንገደኛ ሊሆን ይችላላ!» አሉ አቶ ዳባ።

«ግቢው ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያለዎት እርስዎ ነዎት። ደግሞም ብርጭቆውን ይመልከቱ።»

ሁሉም ዞሩ። ጠንካራዎቹ ፍሬዎች አብጠው፣ ተሰነጣጥቀው፣ ፈርሰው፣ ብርጭቆው ሥር ቡናማ ገንፎ ሆነዋል።

«ፔሌት ውኃ ከነካው ይኸው ነው የሚሆነው። እርስዎ አንድ ሙሉ ጆግ እሳቱ ላይ እንደደፉ ነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያው እሳት ያነሣሁት ደረቅና ጠንካራ ነበር። ውኃ አልነካውም። ምድጃውን ለማስመሰል ለኮሱት፤ ቱቦው ስለተነቀለ አልስብ ብሎ ራሱ ጠፋ። ለምን ጠፋ እንዳልል ውኃውን ፈጠሩ።»

ሀና እጇን ከአቶ ዳባ ክንድ ላይ አነሣች።

«ለምን?» አለች። የጠየቀችው ኢንስፔክተሯን ነው፤ ወደ አጎቷ አልዞረችም።

«ሪሐና፣ አንቺ ንገሪያት» አለች እፀገነት።

ሪሐና እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ጀመረች። «ጋሼ ፔሌቱን ሲሞክሩ አለቀሱ፣ ሀንዬ። ‹ያን ዓመት በጊዜው ማገዶ ብገዛ ኖሮ አማከለች ከሰል አታስገባም ነበር› አሉኝ። አላስቻለኝም፤ እውነቱን ነገርኳቸው። እናትሽ ከአልጋ መነሣት አትችልም ነበር። ማንደጃውን ያስገባው፣ መስኮቱን የዘጋው አቶ ዳባ ነው። እንድትሞቅ ብሎ ነው። ከዚያ ረስቷት ወጣ። አይቻለሁ። ያኔ፣ ‹ሐዘን ላይ ሐዘን አትጨምሪ› ብሎ ለመነኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ።»

«አቶ ሞልቱ ፖሊስ አልጠሩም» አለች እፀገነት። «ለማንም አልተናገሩም። ወንድማቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ ቀን ለሀና ራሱ እንዲነግራት።»

አቶ ዳባ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የመጀመሪያው ሳላውቅ ነው። በእግዚአብሔር፣ ሳላውቅ ነው። ይህንን ግን… ስትሰሚ እንዴት እንደምታዪኝ አሰብኩት። እሑድ እንዳይመጣ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ተኝቶ ነበር?» አለች ሀና።

«ማንደጃውን አልጋው ራስጌ ሳስቀምጥ ጋቢው ወርዶ ነበር። ሳለብሰው ዓይኑን ገለጥ አደረገ። መድኃኒቱ አስክሮታል። ‹ተባረክ ወንድሜ፣ በርዶኝ ነበር› አለኝ።»

ዝናቡ ጣራውን መምታት ጀመረ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምንም። በሩን ዘጋሁት።»

ሳጅን ሚሳኤል ሲያስነሣቸው አልተቃወሙም። ኢያቄምና ሪሐና ተከትለው ወጡ። እፀገነት ግን ወጥታ መሄድ አልሆነላትም፤ ከሀና ጎን አቶ ዳባ በነበሩበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሀና፣ «አባቴ ይቅር ብሎት ነበር ማለት ነው» አለች። «ባይለው ኖሮ፣ በዚያ ሳምንት አብሮት ምሳ አይበላም ነበር።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።