የአቶ አያሌው ትሬለር

አቶ አያሌው በትሬለራቸው፣ በመኪና በሚጎተተው የሽርሽር ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታቸው በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ይርቃል። በጫካ መካከል ያለ፣ መብራትም የውኃ መስመርም የሌለው የካምፕ ሜዳ ነው። የማሞቂያው ጋዝ አልቆ ስለነበር የካምፑ ጠባቂ ብርድ ነው የገደላቸው አለ።

መርማሪዋ ይርጋለም ግን ዙሪያውን አየች። የሟቹ ፊት ቀልቷል። ከአልጋው ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ ቁልፉ መጨረሻ ድረስ ተከፍቷል። መስኮቱ ጣት በሚያሳልፍ ልክ ተከፍቶ ክፍተቱ በፎጣ ተወትፏል። ያየችውን ለቤተሰቡ አልነገረችም።

ልጃቸው ማኅደር በቅርብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ እያለቀሰች መጣች። «ቅዳሜ ከሰዓት ኮል አድርጎልኝ ነበር። ጋዙ አለቀ፣ በረደኝ አለኝ። ወደ ቤት ግባ ብዬው ሥራ ገባሁ።»

የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው ባርናባስም አንገቱን ደፋ። «ለእኔም ደውሎ ነበር። አላነሳሁም።»

ታናሽ ወንድማቸው ዓብዩ ከተገናኙ ወራት እንዳለፋቸው ተናገረ። ከዚያ የማኅደርን ትከሻ ያዘ። «በብርድ ሞተ እያልሽ አትንገብገቢ። ሞቆት ነው የተኛው።»

ይርጋለም ይህችን ቃል ጻፈቻት።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አያሌው የሞቱት በጭስ ነው፤ ፊታቸው የቀላው ለዚህ ነው፤ የደም ምርመራውም ደርሶናል» አለች። «የትሬለሩ ባትሪ ከአምፖል በቀር አያበራም። ማሞቂያው ግን በርቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ጄኔሬተር አምጥቶ ከመስኮቱ ሥር አቁሟል፤ ገመዱን በመስኮቱ አስገብቶ ብርድ እንዳይገባ ክፍተቱን ወትፏል። ጭሱ ግን ገባ። እኛ ስንደርስ ጄኔሬተሩ የለም። የሞተ ሰው ደግሞ ዕቃ አይወስድም። አቶ ዓብዩ፣ ሁሉም በብርድ ሞቱ ሲል እንደሞቃቸው በምን አወቁ?»

ዓብዩ ወንበሩን ወደ ማኅደር አስጠጋ።

«ለእኔም ደወለልኝ» አለ። «ጄኔሬተሩን አምጥቼ አስነሥቼለት አብረን እራት እንብላ ሲለኝ እቸኩላለሁ ብዬ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ሞቷል። ገዳይ እንዳልባል ፈርቼ ጄኔሬተሩን ጭኜ ሄድኩ። ጋራዤ ውስጥ ነው።»

ማኅደር አጎቷን አላየችውም። ወደ ባርናባስ ዞረች።

«ጫካ ከወደደ ለምን ራቅ ብሎ አይሄድም ነበር? ቤቱ እዚህ ሆኖ?»

«ጠይቄው ነበር» አለ ባርናባስ። «ራቅ ካልኩ ማን ይመጣል፤ እዚህ ከሆንኩ ከሥራ ስትወጡ ጎራ ትላላችሁ አለኝ። ሁልጊዜ ይጠራኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም።»