በሲባጎ የሚከፈት በር

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። አመናችሁም አላመናችሁም፣ ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ የሚያዛጋበት ሰዓት።

እኔ የሱፐርማርኬት ሠራተኛ ነኝ። ሰዎች በስልካቸው ያዛሉ፤ እኛ ከመደርደሪያ ለቅመን፣ በፌስታል አድርገን፣ ቤታቸው ድረስ እናደርሳለን። ራቅ ላለው ሰፈር ሞተረኛው ይሄዳል። በዙሪያችን ያሉትን ፎቆች በእግሬ የማዳርሰው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የሥራችን ደንብ ነው።

ባለፈው ዓመት ሌቦች አዲስ ዘዴ አገኙ። በማያውቁት ሰው አድራሻ አንድ ሳሙና ወይም አንድ ዳቦ ያዛሉ። ዕቃ የሚያደርሰውን ልጅ ከኋላ ከኋላው ተከትለው ፎቅ ይወጣሉ። ባለቤቱ "እኔ ምንም አላዘዝኩም" እያለ በሩን ሲከፍት... ገፍተው ይገባሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ደንብ አወጣ። በር አንኳኩተን፣ በሩ ላይ ባለችው የማያ ቀዳዳ ፊት ለፊት ቆመን፣ ፌስታሉን ከፍ አድርገን እንዲህ እንላለን፦

"ከሱፐርማርኬቱ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።"

ደንበኛው በቀዳዳዋ አይቶ፣ ከኋላችን ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ነው የሚከፍተው።

ሞተረኛው በዚህ ደንብ ስቆ አይጠግብም ነበር።

"ፎቅ ለፎቅ 'ብቻዬን ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ' እያልሽ ስትዞሪ እኮ ባል ፈላጊ ነው የምትመስይው።"

"አንተስ?"

"እኔማ ብልም የሚያምነኝ የለም።"

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ ቃላት ይጠፉብኛል። ያቺ ደንብ ግን ተመቸችኝ፤ የምናገረውን ሌላ ሰው አዘጋጅቶልኛል። እየቆየች አፌ ላይ ተጣበቀች። በር ባየሁ ቁጥር ሳላስበው እላታለሁ።

ሁለተኛው ነገር እናቴ ናት።

እናቴ ወገቧን ከታመመች ጀምሮ ከአልጋ አትወርድም። የምንኖረው ከሱፐርማርኬቱ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። የበራችን መቀርቀሪያ በሩ ሲዘጋ ራሱ ይወድቃል፤ ከውጭ አይከፈትም። ስለዚህ ሲባጎ አሰርኩበት። ሲባጎው በግድግዳው ላይ በሚስማር ተይዞ እስከ አልጋዋ ራስጌ ይሄዳል። ከሥራ ስመለስ "እማ፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። ትስበዋለች። ቀጭ ይልና በሩ ይከፈታል።

ድምፄን ካልሰማች አትስብም። ጎረቤት እንኳን ሲያንኳኳ "ልጄ ስትመጣ ኑ" ትላለች።

ያን ሲባጎ ስቆርጥ ቢላው ስቶ አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ። አልጋዋ ላይ እንዳለች ቁስሉን ያሰረችልኝ እሷ ናት። ጠባሳ ጣለብኝ፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ ትንሽ ጠባሳ።

እና... የዚያን ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ።

አዲስ ትዕዛዝ። ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ያለው ፎቅ፣ የመጨረሻው ወለል።

የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ጥቅል ሲባጎ።

"ከምሳ በኋላ ሲባጎ የሚያምረው ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ ሞተረኛው፣ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ።

ከትዕዛዙ ሥር ማሳሰቢያ ነበረበት። "በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ አስቀምጪው።"

የምትመጣው ሴት መሆኗን አውቆ የጻፈ ሰው ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ደረጃውን ወጣሁ። በመጨረሻው ወለል ላይ ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ገርበብ ብሏል።

ገፋ አደረግኩት።

ባዶ ቤት ነው። ወንበር የለ፣ መጋረጃ የለ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ወለሉ ላይ አቧራ አለ... የማንም እግር ያልረገጠው አቧራ።

ዕቃውን አስቀምጬ መሄድ ነበረብኝ። አፌ ግን ለምዷል።

"ከሱፐርማርኬቱ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።"



ከዚያ ከጓዳው በኩል፣ በጣም ቀስ ብሎ...

"...እኔም።"

የሴት ድምፅ ነው። ለብዙ ጊዜ ሳይናገር የቆየ ጉሮሮ ድምፅ።

ፌስታሉን ደፉ ላይ ጥዬ ወደ ደረጃው ፈጠንኩ። ከመውረዴ በፊት አንዴ ዞር ብዬ አየሁ።

ፌስታሉ የለም።

አቧራው ላይ ግን አሁንም የእግር ዱካ የለም።

"የቤቱ ጠባቂ ትሆናለች" አልኩ ለራሴ። "ምን አገባሽ፣ አድርሰሻል አይደል?"

ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ያሉት ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ሁሌም "ግቢ የኔ ልጅ" ብለው የመስተዋቱን በር ይከፍቱልኛል። ያን ቀንም ከፈቱልኝ።

ካለፍኩ በኋላ ግን በሩን አልለቀቁትም። ይዘውት ቆሙ... ሌላ ሰው እንደሚያሳልፉ።

"ምን እየጠበቁ ነው ጋሼ?"

"እንዴ፣ ከጓደኛሽ ጋር አልነበርሽም?"

ወደ ውጭ አዩ። ወደኔ አዩ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ተይው። እርጅና ነው።"

ቀጣዩ ትዕዛዝ የእትዬ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ፌስታሉን ሳይፈትሹ አይቀበሉም። "ይሄን ድንች ማን መረጠልኝ፣ ጠላቴ?" ብለው ይቆጡና ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ይከቱልኛል። ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው እሳቸውን ነው።

አንኳኳሁ። ቀዳዳዋ ፊት ቆምኩ።

"ከሱፐርማርኬቱ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።"

ቀዳዳዋ ጠቆረች። ዓይናቸውን አስጠግተዋል ማለት ነው።

የቁልፉን ድምፅ ጠበቅኩ።

አልመጣም።

"እትዬ? ዳቦው ትኩስ ነው።"

"...ብቻሽን ነሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"ታዲያ ያቺ ማን ናት?"

ዞርኩ። ደረጃ። ግድግዳ። በመስኮቱ የገባ ፀሐይ። ሌላ ምንም የለም።

"ማንም የለም እኮ እትዬ።"

"አንቺ ስትዞሪ አብራሽ ዞረች።"

ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

"ምን... ምን ትመስላለች?"

"እንዳንቺ የሥራ ሰደርያ ለብሳለች። ፊቷ አይታየኝም። ማጅራትሽ ላይ ደፍታዋለች። እጇ ላይ ሲባጎ ጠቅልላለች።"

ማጅራቴ ላይ የሆነ ነገር ተነፈሰ። ቀዝቃዛ ነው።

"አትንቀሳቀሺ" አሉኝ። "ቤትሽ ሰው አለ?"

"እማዬ... እማዬ ብቻ።"

"በር ላይ ማን እንዳለ ሳታይ አትከፍትም አይደል?"

ደንግጬ ነበር። ዓይን አፋር ሰው ሲደነግጥ ወይ አፉ ይያዛል ወይ ይለፈልፋል። እኔ ለፈለፍኩ።

"ማየት አትችልም እትዬ፣ አልጋ ላይ ናት። ግን ለማንም አትከፍትም። ድምፄን ስትሰማ ብቻ ነው ሲባጎውን የምትስበው። 'እማ፣ እኔ ነኝ' ካልኳት ብቻ..."

ከበሩ ወዲያ እትዬ ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ።

"ምነው ልጄ... ምነው ምላስሽን በያዘው።"

"ምን ሆነ?"

"ቀና አለች።"



"እትዬ... አሁንስ?"

"የለችም" አሉ። "ደረጃውን እየወረደች ነው።"

ዳቦውንም ወተቱንም እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

እየሮጥኩ ለእናቴ ደወልኩ። ይጠራል... ይጠራል... አይነሳም። ስልኩ ሁሌም ትራሷ ሥር ነው።

በሱፐርማርኬቱ በር በኩል ሳልፍ ጥበቃው ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ አሁን አይደል እንዴ ያለፍሽው? ሰላም ስልሽ ዘግተሽኝ ሄድሽ እኮ።"

ሳልቆም አለፍኳቸው።

የቤታችንን ደረጃ ግማሽ ላይ ስደርስ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

የራሴን ድምፅ።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

ቀጭ።

ደረጃውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ስደርስ በሩ እየተዘጋ ነበር። መቀርቀሪያው ወደቀ።

"እማ! ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ።"

"ማነሽ አንቺ?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"ልጅሽ ነኝ እማ።"

"ልጄማ ገብታለች። 'ዛሬ ምነው ቶሎ ለቀቁሽ' እያልኳት ነው።"

"እማ፣ ስሚኝ። አጠገብሽ ያለችው እኔ አይደለሁም። ጣቷን እዪው። አውራ ጣቷን እዪው፣ ጠባሳ የለባትም።"

ውስጥ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ።



"...አለ" አለች እናቴ። "ይኸው። ራሴ ያሰርኩት ቁስል ጠፍቶኝ ነው?" ከዚያ ፈራ ባለ ድምፅ፣ "አንቺ ግን... ማን ልኮሽ ነው እንዲህ የምትይኝ? ከማን ጋር ነው የመጣሽው?"

አፌ ለምዷል ብያችኋለሁ።

"ብቻዬን ነኝ" አልኩ።

ከእናቴ አልጋ አጠገብ፣ በራሴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

"እኔ ግን አሁን አይደለሁም።"

በሩን በጡጫ ደበደብኩት። በእግሬ መታሁት። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምታውቀኝ ሴትዮ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። እጇን ያዝኳት። በስሟ ጠራኋት።

እጇን ቀስ አድርጋ ከእጄ አስለቀቀች።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለችኝ።

ከዚያ በሩ ላይ ጆሮዋን አስጠጋች። ውስጥ እናቴ ትስቃለች። የኔም ሳቅ አለ። ጎረቤታችን አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደኔ አየች። ቤቷ ገብታ ቆለፈች።

አሁን የማድረው ሱፐርማርኬቱ ጀርባ፣ የካርቶን ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለጊዜው ፈቅዶልኛል። ሞተረኛው መቀለድ ትቷል፤ ሳይናገር ሻይ ያመጣልኛል። እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አላዘዙም። ጥበቃው ጋሼ የመስተዋቱን በር አይከፍቱልኝም። ክፋት አይደለም... ሳልፍ አያዩኝም። ራሴ ከፍቼ እገባለሁ።

ከቤታችን ግን ትዕዛዝ ይመጣል። በኔ ስልክ ቁጥር፣ በኔ ስም።

ዳቦ። ወተት። እንቁላል። እናቴ የምትወደው ብስኩት። ሁሉም ለሁለት ሰው የሚሆን።

ሞተረኛው "እኔ ላድርስልሽ፣ አንቺ አትሂጂ" ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። በሩ ገርበብ ሲል የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ። ወገቧ እንደተሻላት፣ ቁርስ እንደበላች፣ ሁሉንም ለዚያችኛዋ ስታወራላት እሰማለሁ። እሱን ካጣሁ ምን ይቀረኛል?

ትናንትም ሄጄ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

በሩ ፊት ቆሜ ፌስታሉን ከፍ አደረግኩ።

"ከሱፐርማርኬቱ ነኝ" አልኩ። የቀረውን አልጨረስኩትም።

ውስጥ ሲባጎ ተወጠረ። ቀጭ። በሩ አንድ ጋት ያህል ተከፈተ። በስንጥቁ ግድግዳው ታየኝ። የኔ አሮጌ ሲባጎ የለም። በሚስማሮቹ ላይ ያለፈው አዲሱ ነው፣ ያ ያደረስኩት።

እጅ ወጣ። አውራ ጣቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ትንሽ ጠባሳ አለ።

ፌስታሉን ሳቀብል ጣቶቻችን ተነካኩ። የሷ ይሞቃል።

ደረጃው ላይ፣ ፀሐይዋ የምትመታበት ጋ ተቀመጥኩ። አውራ ጣቴን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ገለበጥኩት። በሌላው እጄ ዳሰስኩት...

ልስልስ ነው። ምንም የለበትም።