ድስቱ እስኪቀዘቅዝ

ሰዓት ሠሪው ልቤን ከማሸነፉ በፊት ትዕግሥቴን ጨርሶታል።

መጀመሪያ የተገናኘነው እኔ በምሠራበት ፋርማሲ ነው። «ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን አላችሁ?» ብሎ መጣ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ለቢራ» አለኝ። እቤቱ ቢራ ይጠምቃል፤ ቢራውን መራራ የሚያደርገውን፣ ሆፕስ የሚባለውን አበባ ግን እስከዚያ ቀን የሚለካው በእፍኝ ነበር። በእፍኝ! ተናደድኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ የራሴን ሚዛን ይዤ እቤቱ ተገኘሁ።

ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመራራነት መቶኛ በግራሙ ይባዛል፤ አበባው የሚፈላበት ደቂቃ ይታሰባል፤ ለድስቱ ሊትር ይካፈላል። የብቅሉ ውሃ ከወፈረ ደግሞ ትንሽ ይቀነሳል። እሳቱ ሲጠፋ የሚጨመረው ሁለተኛው አበባ ለሽታ ብቻ ስለሆነ፣ መራራነቱን ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ቢራው ሲደርስ እሬት ሆነ።

አብረውት የሚኖሩት አክስቱ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ልጄ፣ ይሄ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው?» አሉኝ።

ሁለተኛውም መረረ። ሦስተኛውም።

«ደብቀህ ትጨምራለህ!» እለዋለሁ።

«እኔ? በፍጹም!» ይላል፤ ዓይኑን ግን ይሰብራል።

አበባውን ከቤቴ መዝኜ፣ በመድኃኒት ከረጢት አሽጌ ማምጣት ጀመርኩ። አራተኛውም አምስተኛውም መረሩ። በራሴ መተማመን አቃተኝ፤ ፋርማሲ ውስጥ ሽሮፕ ሳይቀር ሦስት ሦስት ጊዜ መለካት ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያመላልሰኝ ቢራው አልነበረም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ «ድስቱ ትንሽ ይረፍ» ይለኛል፤ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ከዚያ ድስቱን በረዶ ውስጥ ይነክረዋል፤ እኔም ቦርሳዬን አነሳለሁ። ወድጄዋለሁ። እሱ ግን ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ስድስተኛው በተጠመቀበት ቅዳሜ ተረኛ ስለነበርኩ፣ እሳቱ እንደጠፋ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ። ያ ቢራ ልክ እንደ ስሌቴ ሆኖ ወጣ። አክስቱ ብርጭቋቸውን አስደገሙ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅስሜ ተሰበረ። እኔ ስኖር አምስት ጊዜ የመረረ፣ ዞር ስል ይጣፍጣል? ያለ እኔ ይሻለዋል ማለት ነው። ሚዛኑን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

«ከእንግዲህ አልመጣም።»

«ቆይ! ስሌትሽ ትክክል ነው» አለ ደንግጦ። «ድስቱ ካልቀዘቀዘ፣ እሳቱ ቢጠፋም ሁለተኛው አበባ መራራነት መልቀቁን አይተውም። እኛ ደግሞ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለን እናወራለን። ባለፈው ስትሄጂ ወዲያው አቀዘቀዝኩት።»

«ይሄን መቼ አወቅክ?»

«ከሁለተኛው ድስት ጀምሮ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

«ቶሎ ከቀዘቀዘ ቶሎ ትሄጃለሽ።»

«አንተ ሰው! ይሄን ሁሉ እሬት ከምታጠጣን አንድ ቃል መናገር አቅቶህ ነው? በል፣ አሁን ተናገር!»

የሰው ሁሉ ሰዓት የሚያስኬድ ሰው፣ እሱ ራሱ እንዲህ ቀጥ ይላል? ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«አትሂጂ» አለኝ። «ድስት ባንጥድም አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

ልሳመው ወይስ ልምታው? ግራ ገባኝ። ቦርሳዬን አስቀምጬ የስሌቴን ወረቀት አወጣሁ። የሁለተኛውን አበባ ዜሮ ሰርዤ አርባ ደቂቃ አስገባሁ፤ ከመጀመሪያው አበባ ላይ አሥር ግራም ቀነስኩ።

ጎንበስ ብሎ አየው። «አንድ ሰዓት ብታደርጊውስ?»

«ዝም በል!» አልኩትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስላት ያዝኩ።