ላኪውና ተሸካሚው

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚውና ይለፍ» አሉ አክስቷ ላቪኒያ።

ሉፔ ጣቷን ከስልኩ አነሳች። ማዕበል ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው ፕሮግራም አዲስ ቅጂ ትናንት ነው በጀልባ፣ በሚሞሪ ካርድ ደሴቲቱ የደረሰው። ስክሪኑ ላይ «የዲጂታል ፊርማው አልተረጋገጠም» ይላል፤ ከሥሩ «ቀጥል» እና «ሰርዝ»። አክስቷ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለአሥራ አራት ዓሣ አጥማጆች ሊያድሉት ቃል ገብተዋል። እሳቸው ከሰጡ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። እኛ የቶንጋ ደሴቶች ሰዎች ዘንድ የአባት እህት ቃል አይመለስም፤ የሉፔ አባት እንኳ እህቱ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

አክስቷ ማንም ይፈርሙ እንዳላላቸው ተናገሩ። ካርዱን ያመጣው የአጎታቸው ልጅ ስለሆነና እሱም ዋሽቶ ስለማያውቅ፣ የምን ማረጋገጫ ነው አሉ።

ሉፔ ትምህርት ቤት የሰማችውን ስለ ምስጢር ቁጥር ልታስረዳ ሞክራ ራሷም ተምታታባት። አክስቷ ማዛጋት ጀመሩ። እንዲህማ አይሆንም ብላ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘችው።

«አክስቴ፣ ባለፈው ቀብር ላይ በእጅ የተሠራው የስጦታ ምንጣፍ ሲመጣ፣ ስጦታውን ለሕዝቡ የሚያስታውቀው ቃል አቀባይ የማንን ስም ጠራ? የተሸከሙትን?»

«ምን ነካሽ? የላኪዎቹን ነዋ።»

«መንገድ ላይ ቢቀየርስ?»

«የሠራችው ሴት የእጇን ሥራ ትለየዋለች።»

«ስልኩም እንደዚያ ነው። ተሸካሚውን አላማም። ይሄ የሠሪዎቹ እጅ መሆኑን አላወቅሁም፤ ሌላ ሰው ሠርቶት፣ ወይ መንገድ ላይ ተነካክቶ ይሆናል ነው የሚለው። ማዕበል መጥቶ ዝም ቢልስ?»

አክስቷ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን እንደገና አነበቡት።

«ታዲያ እንደዚህ ብሎ አይጽፍም ነበር?» አሉ በንዴት።

እውነታቸውን ነው። ሉፔም አፈረች፤ እሷ ራሷ ያንን ጽሑፍ ስንቴ ሳታነበው «ቀጥል» ብላ አልፋለች። አሮጌው ፕሮግራም አሁንም እንደሚሠራ፣ ትክክለኛውን ከሠሪዎቹ እስኪያስመጡ በእሱ መቆየት እንደሚቻል ነገረቻቸው።

አክስቷ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ሰዎቹን ነገ ባዶ እጃቸውን ሊያገኟቸው ነው፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን በር።

«አሥራ አራት ሰው ፊት ቃሌን ልበላ? እኔ ተጫኚው እያልኩሽ እምቢ ልትዪኝ ነው?»

በቤታቸው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ «አይ፣ አክስቴ»።

«አዎ፣ አክስቴ» አለች አንገቷን ደፍታ፤ «ሰርዝ» የሚለውንም ተጫነች።