በሰገነቱ ላይ የተሰማው ሳቅ

«ዘንድሮ ወንበሩ ባዶ ይቀራል» ትል ነበር ባለሱቋ ዲሊስ። ዳቦ ለሚገዛ ትለዋለች፤ ቴምብር ለሚገዛ ትለዋለች፤ ዝናብ ሸሽቶ ለገባም ትለዋለች። «መምህር ኢድዋል ጸሎት ቤቱ ሰገነት ላይ ወጥቶ ትርጉሞቹን እያነበበ ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እንደ ፍየል ነው የሚስቀው። ማንም አይበቃም ሊል ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህር ኢድዋል ከሰገነቱ ደረጃ ሥር አንገቱ ተቆልምሞ ተገኘ። ዲሊስ ወሬዋን አላቆመችም። «ነፍሱን ይማር» የምትል ቃል ብቻ ጨመረችበት።

በዚያ የዌልስ የጥቁር ድንጋይ ሸለቆ የሥነ ጽሑፍ ውድድር ያሸነፈ ሰው ዋርካ ከሚያህል ዛፍ ተጠርቦ የተሠራ ወንበር ላይ በሕዝብ ፊት ይቀመጣል። ተወዳዳሪ ሁሉ በብዕር ስም ይጽፋል። እውነተኛ ስሙን ከውድድሩ ጸሐፊ ከሜይሪግ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዳኛው መምህር ኢድዋልም አያውቅም። የአሸናፊው ስም የሚገለጠው በበዓሉ ቀን መለከት ሲነፋ ነው። ዳኛው «ማንም አልበቃም» ካለ ወንበሩ ባዶውን ይመለሳል። የዘንድሮው ጥያቄ የጥንቶቹን የዌልስ ተረቶች የዛሬ ልጅ በሚገባው ቋንቋ መመለስ ነበር። የተመረጠው ትርጉም በሸለቆው ትምህርት ቤት ይነበባል፤ የቀረው በየመሳቢያው ይበሰብሳል። ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። እነማን እንደሆኑ አገር ያውቃል። የቱ የማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ኢንስፔክተር ማሬድ ፕሮበርት ስትደርስ ሬሳውን ያገኘው ሜይሪግ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ነበር።

«አዳልጦት ነው» አላት።

ማሬድ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። «ይሄ ዓይኑ ላይ ያለው የማንበቢያ መነጽሩ ነው። የመሄጃ መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው። በማንበቢያ መነጽር ደረጃ የሚወርድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ሽማግሌ ነው። ረስቶ ይሆናል።»

«የማንንም ስሕተት ረስቶ የማያውቅ ሰው? ቆሞ እያነበበ ነበር፤ ከኋላ ወይም ከፊት ተገፋ። ታዲያ የሚያነበው ወረቀት የታለ?»

ወደ ሰገነቱ ወጣች። ሦስቱ ትርጉሞች አግዳሚው ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። አንድ በአንድ እያነሳች ገለበጠቻቸው። ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። የሦስተኛው ገጾች ጀርባ ኖራ ነክቶታል። የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ለበዓሉ እየተቀባ ስለሆነ የታችኛው ወለል በኖራ ዱቄት ነጥቷል፤ ሰገነቱ ግን የተጠረገ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጥቁር ውሃ» የሚል የብዕር ስም ሰፍሯል።

«ጥቁር ውሃ ማነው?»

«መለከቱ ሳይነፋ አልናገርም» አለ ሜይሪግ።

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«አስርሃለሁ።»

«እሰሪኝ። እዚያ ዝም ማለት ይቀላል።»

የጸሎት ቤቱ ቁልፍ ያለው ወጣቱ ቄስ ኢቴል ነበር፤ ከሦስቱ ተወዳዳሪዎችም አንዱ ነው።

«ሐሙስ ምን ይሠሩ ነበር፣ አባ?»

«የቀብር ስብከት እጽፍ ነበር።»

«ለማን?»

«ገና ለማንም። ክረምት ነው፤ የሚሞት ሰው አይጠፋም። ቁልፉን ከጠየቅሽኝ ቀለም ቀቢዎቹ ከመጡ ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም።»

ሁለተኛው፣ በግ አርቢው ካራዶግ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የበግ ኮቴ እየከረከመ ነበር የተቀበላት።

«እኔ ብገድለው ኖሮ በሕዝብ ፊት ነበር የምገድለው። እሱ እኛን እንደዚያ ነበር የሚገድለን። አንድ ጊዜ የተወዳዳሪዋን የኔስታን ግጥም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲያነብ በየስንኙ መሐል ያዛጋ ነበር። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ልዋሽሽ።»

«እሱስ ሳቀ?»

«እሱማ መቼ ሳቀ፤ አዛጋ እንጂ።» በጉን ለቀቀው። «የዘንድሮው ግን ብሶበታል መሰለኝ፣ ዲሊስ እንደምትለው ከሆነ።»

ሦስተኛዋ ኔስታ ነበረች። የሸለቆው ቤተ መጻሕፍት እስኪዘጋ ድረስ ኃላፊዋ እሷ ነበረች። ለማሬድ ሻይ ቀድታ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቅቤ ቀብታ አቀረበችላት።

«የዲሊስን ወሬ ሰምተሻል?»

«እዚህ አገር ደንቆሮም ሰምቶታል።»

«ተናደድሽ?»

«ለምጄዋለሁ፣ እህቴ።» ቢላዋዋን ጠረገች። «የሚያሳዝኑኝ ልጆቹ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ወሰዱባቸው። ተረቱን ደግሞ በቄሱ ቋንቋ ካነበቡት ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ይጠላሉ። በእኔ ቋንቋ ከሆነ ግን ይሰሙታል። ሌላ የምተወው ነገር የለኝም፤ ልጅ አልወለድኩም።»

ቅዳሜ ጠዋት ማሬድ ሁሉንም በጸሎት ቤቱ ሰበሰበች። ዲሊስ ሳትጠራ መጥታ ፊት ተቀምጣለች። ማሬድ ሰገነቱ ላይ ቆማ ቁልቁል ተናገረች።

«መምህር ኢድዋል እዚህ ቆሞ ሲያነብ ተገፋ፤ መነጽሩ ይመሰክራል። የሚያነበው ወረቀት አብሮት ወድቆ ኖራው ላይ ተበተነ። በኋላ ግን በገጹ ተራ ተስተካክሎ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሌባ ቢሆን ይዞት ይሄዳል። የደነገጠ ትቶት ይሮጣል። በሚሞት ሰው ዙሪያ ጎንበስ ብሎ ወረቀት የሚለቅም፣ ልጁን ከመሬት እንደሚያነሳ ሰው የገዛ ጽሑፉን የሚያነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ጥቁር ውሃ ነው። ማን እንደሆነ ሜይሪግ አይነግረኝም። እናንተም አትነግሩኝም። እንግዲያው ላንብብላችሁ።»

ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«‹ንግሥቲቱ ወደ ምንጩ ወረደች። ሽመላው ግን አልበረረም። የሚያውቃት ይመስል ነበር። ንግሥቲቱም ማድጋዋን አስቀመጠች...›»

«ዘለልሽ» አለ አንድ ድምፅ።

ማሬድ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«‹የሚያውቃት ይመስል ነበር፤ ያውቃትም ነበር።› እሷን ከዘለልሽ ተረቱ ሞተ።» ኔስታ ይህን ከተናገረች በኋላ ነው አፏን በእጇ የያዘችው።

ቄሱ ዓይኑን ጨፈነ። ማሬድ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።

«ወሬውን ሰምተሽ መጣሽ።»

«ውሸት እንደሆነ ላረጋግጥ ነበር የመጣሁት» አለች ኔስታ። «ንግሥቲቱን በፍየል ድምፅ ያነባታል። ሆዱን ይዞ ይስቃል። ደግሞ ከላይ ይጀምራል፤ ደግሞ ይስቃል። የሚያዛጋ መስሎኝ ነበር፤ ማዛጋቱንስ እችለው ነበር። ወጥቼ ገፋሁት።»

«ወረቀቱን ስትለቅሚ ይተነፍስ ነበር?»

«እስከ አሥረኛው ገጽ።»

«እርዳታ አልጠራሽም።»

«ገጽ ጎድሎብኝ ነበር» አለች ኔስታ። «በእሱ ሥር ነበር።»

ውጪ የቆመው ፖሊስ ገብቶ ክንዷን ያዘ። ካራዶግ መሬት መሬቱን ያያል። ዲሊስ ሻርፗን አስተካከለች።

«እና ወንበሩ ባዶ ቀረ ማለት ነው» አለች። «ብዬ ነበር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ዝጊ» አለ ሜይሪግ። ተነሥቶ ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። «ኔስታ፣ ቁሚ። ይሄን ሰምተሽ ሂጂ።»

«መለከቱ አልተነፋም እኮ» አለችው ማሬድ።

«ለማን ይነፋል ከእንግዲህ?» ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢድዋል መጥፎ ጽሑፍ ሲያነብ ያዛጋል። ጥሩ ሲያገኝ በሰካራም ድምፅ፣ በሕፃን ድምፅ፣ በፍየል ድምፅ እያነበበ ይፈትነዋል። ቀልዶበትም አልፈርስ ካለው፣ ያኔ ይስቃል። እስከ ዘንድሮ ከእኔ በቀር ሲስቅ የሰማው ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ጽሑፍ በቀር ለሌላ ሰው ጽሑፍ ስቆ ስለማያውቅ።»

ኔስታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም።

«ረቡዕ ማታ ደወለልኝ» አለ ሜይሪግ። «‹ጥቁር ውሃን ላፈርሰው ሞክሬ አቃተኝ› አለኝ። ‹ነገ አንዴ ብቻ ልድገመው፤ አንተ ግን ወንበሩን ወልውልለት።›»