ሲወርዱለት የሚለዝብ ሞተር

ፈንታነሽ ማንኛውንም ሞተር ከመንካቷ በፊት ታዳምጠዋለች። ከመራዊ እስከ ዱርቤቴ ያሉ ወፍጮ ቤቶች የሚያውቋት በዚሁ ነው፤ የረዥሙን ካቻቪቴ ጫፍ ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ሥር አጣብቃ ዓይኗን ጨፍና ስትቆም "ምን አለሽ?" እያሉ የሚያሾፉ ወፍጮኞች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀበቶው ሲዞር አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። ዛሬ ግን ያጎነበሰችው ከወፍጮ ፊት አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ልትነሣ ሰውና እህል በምትጭን ጀልባ ላይ፣ ከወለሉ ሥር ባለው የሞተር ቤት አፍ ነው። ሞተሩን አስተካክላ ደቅ ደርሳ ከተመለሰች የጀልባዋ መካኒክ ትሆናለች፤ በዚህ ሐይቅ ሴት መካኒክ ታይታ አትታወቅም።

"ይርጋ የት ሄደ?" አለች፤ ከእሷ በፊት የነበረውን መካኒክ መጠየቋ ነው።

"ሥራው አለቀ" አሉ ካፒቴን ስንሻው፣ መሪያቸውን በጨርቅ እየወለወሉ።

"ጆሮ የሌለው ሰው ሥራው ቶሎ ያልቃል።"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ለፍየል እንኳ መንገድ የሚለቁ ሰው ናቸው። "ሞተሩ ግን ደግ ነው፣ ፈንታዬ። ናፍጣ እንኳ አይበላም።"

ተሸካሚዎቹ የጤፍ ጆንያ ከመሐል ደረደሩ። የሞተር ቤቱ ክዳን ዙሪያ ሞላ፤ ክዳኑ ብቻ ባዶ ቀረ።

"እዚህስ ላይ እንጫን፣ ካፒቴን?"

"ገና ነው" አሉ ስንሻው።

ሞተሩ ተነሣ፤ ያነክሳል። ሦስቱን ምት በደንብ ረግጦ አራተኛውን ይስታል፣ በሳተ ቁጥር ጀልባዋ ከነተሳፋሪዋ ትንገጫገጫለች። ከማነከሱ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ብረት በብረት ላይ። ፈንታነሽ ካፒቴኑን ነዳጅ እንዲጨምሩለት ጠየቀች። ጨመሩ። ሞተሩ ፈጠነ፤ ኳኳታው አልፈጠነም። የሞተር ሕመም ከሞተሩ ጋር ይሮጣል፤ ይሄኛው ግን በራሱ ጊዜ ይመታል፣ ክንዱ እንደዛለ ሰው ያርፍና ደግሞ ይጀምራል።

አራቱን የብረት ደረጃ ወረደች። ታች ጨለማው ናፍጣና የበሰበሰ ቄጤማ ይሸታል፤ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ተዘግቶ የከረመ የሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር አለ። እግሯ ወለሉን ሲነካ ሞተሩ ማነከሱን ተወ። ኳኳታውም ዝም አለ። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ።

ወጣች፤ አነከሰ። ወረደች፤ ለዘበ።

"ወዶሻል" አሉ ካፒቴኑ ከላይ።

"ፈርቶኝ ነው እንጂ። ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ሲያዩት ጨዋ።"

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ ጀልባዋም ከወደቡ ወጣች። ፈንታነሽ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈታችው፤ ናፍጣ ነክቶት እንደማያውቅ ነጭ ነበር። ይርጋ ሊሄድ ሲል ቀይሮት ይሆናል አለች። ቀጥላ በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገቡትን የናፍጣ ቧንቧዎች አንድ በአንድ አላላች፤ የሞተው ሲሊንደር የሚታወቀው ነዳጁን ሲነሡት የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። በመጀመሪያው አልተለወጠም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ጣቷም አልረጠበም። ባትሪዋን ወደ ላይ ስታበራ የክዳኑ ብረት ውስጡ እንደ ፈንጣጣ ፊት የተጎደጎደ ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ቀንድ አለው።

"ይሄ ይርጋ፣ ሞተሩን ትቶ ክዳን ሲቀጠቅጥ ኖሯል?" ብላ ጮኸች።

ከሰዓት በኋላ መሐል ሐይቅ ላይ ነፋሱ ተነሣ። ለመውጣት ደረጃውን ስትይዝ ካፒቴን ስንሻው አጎንብሰው አዩዋት፤ ፊታቸው የአባት ፊት ነበር። "ማዕበሉን እስክናልፍ እታች ሁኝለት፣ ልጄ። ካንቺ በቀር የሚሰማው የለም።"

ኩራቷ ከእሷ ቀድሞ መለሰ። "እስካልደከሙ ድረስ ይንዱ፤ እኔ አለሁ።"

ክዳኑ ተዘጋ። "ውኃ እንዳይገባብሽ ነው" የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎም "አሁን ጫኑት" የሚል። አንድ ጆንያ ተጎትቶ ከራሷ በላይ ዷ አለ። ሁለት። ሦስት። ጮኸች፤ ተጣራች፤ የሞተሩ ማንኮራፋት ድምፅዋን ከአፏ እየተቀበለ ዋጠው። ነጠላዋ ከአንገቷ ተነሥቶ ወደ አየር መሳቢያው ተሳበ፤ ፀጉሯም ተከተለ፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው እሷ የምትተነፍሰውን ነው።

ፈንታነሽ ግን ሞተር ማጥፋት ታውቃለች። የናፍጣውን መዝጊያ ጠመዘዘችው። ሞተሩ አልጠፋም። ቧንቧውን ነቅላ አፉን በጣቷ ጠረገችው፤ የወጣላት ደረቅ አቧራና የሸረሪት ድር ነው። ከአጠገቧ ሞተሩ አንድም ምት ሳይስት፣ ለስለስ ብሎ ይሠራል።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፏን አንሥታ ክዳኑን መታችው። የቁልፉ ሁለት ቀንድ ከአንዱ አሮጌ ጉድጓድ ገብቶ ልክ ሆነ። መታች፤ ክንዷ ሲዝል አረፈች፤ ደግማ መታች። ነፋሱ ዘግየት ባለበት መሐል፣ ከጆንያው ማዶ የአንዲት ተሳፋሪ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

"ካፒቴን፣ ሞተሩስ ተሽሎት ነበር፤ ይሄ ኳ ኳ የሚለው ምንድን ነው?"

"አዲስ ሲገባለት እንዲህ ነው፣ እመቤቴ" አሉ ስንሻው፤ "ደቅ ሳንደርስ ዝም ይላል።"