የመዳብ ጥለት

የሳምራዊት ስክሪን እንደገና ተዘበራረቀ። ቁጥር መታየት በነበረበት ቦታ የማይነበብ ምልክት ሞላበት።

ሐምዲያ ከአጠገቧ ሆና አየችና ደስ አላት። ወዲያው በራሷ ደነገጠች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው።

ግን ምን ታድርግ? የሸዋ ሮቢት ሙቀት ባፈነው ክፍል ውስጥ የገባ ተማሪ ሁሉ የሚከበው ሳምራዊትን ነው። ሁለቱም የሠሩት የማሾ ማሳን እርጥበት ለክቶ በስክሪን የሚያሳይ ሰርኪት ቦርድ ነው። የሐምዲያ ይሠራል፤ መስመሮቹ ግን ዝም ብለው ጎን ለጎን የተለጠፉ ናቸው። የሳምራዊት አባት ሸማኔ ነው፤ እሷም የኮረንቲውን መመለሻ መስመር በቀጭን መዳብ፣ ልክ እንደ ቀሚስ ጥለት፣ የቦርዱን ዳር ዳር አዙራዋለች።

«ይሄ ነው ሥራ! የሐምዲያ ግን ፋራ ነገር ነው» ብሎ ነበር ያሕያ፣ የክፍሉን ልጆች እያሳቀ።

አሁን ቲቸር ጣሪቅ መጥተው ለደብረ ብርሃኑ ውድድር አንዱን ይመርጣሉ።

«በናትሽ ሐምዲ፣ ምን ሆኖብኝ ነው? ባትሪውንም ቀየርኩት» አለች ሳምራዊት።

ሐምዲያ ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት የእሷም እንዲሁ ሆኖባት ቲቸርን ጠይቃለች። «የሚሄደውና የሚመለሰው መስመር በተራራቁ ቁጥር ኢንዳክታንሱ ይጨምራል» ብለዋት ነበር። «ኮረንቲው ቶሎ ቶሎ ልቀያየር ሲል ኢንዳክታንሱ ይታገለዋል፤ መልእክቱ ይበላሻል።»

ዝም ብትልስ? ማንም አያውቅባትም።

«ጥለቱ ነው አይደል? እሱን ከለጠፍኩ ወዲህ ነው የጀመረው። ልገንጥለው?» ሳምራዊት ጥፍሯን ከመዳቡ ጫፍ ሥር አስገባች።

«ገንጥዪው» የሚለው ቃል ሐምዲያ ምላስ ላይ ደረሰ። ጥለቱ ከተነሳ ኮረንቲው መመለሻ ያጣል፤ ስክሪኑም ጨርሶ ይጠፋል። ያ የሚያምር ነገር ተቦጭቆ ሲነሳ ለማየት እንዴት እንደጓጓች ራሷንም አስፈራት።

የቲቸር ጣሪቅ ድምፅ ከበረንዳው ተሰማ።

«ተዪው!» አለች ሐምዲያ። ከቦርሳዋ የተረፋትን የመዳብ ቁራጭ አወጣች። «ይሄን ከሚሄደው መስመር ጎን አስጠግተሽ ለጥፊ። ጫፍና ጫፉን ከጥለቱ ጋር እንበይደዋለን። ሲግናሉ በቅርቡ መንገድ ይመለሳል።»

«ጥለቱስ?»

ሐምዲያ ጥለቱን አየችው። አሁንም ያምራል። አሁንም ያናድዳል። እናቷ ጠዋት «ዛሬ ክፍሉን አቃጥለሽ እንዳትመጪ» ያለቻት ትዝ አላትና መበየጃውን በጥንቃቄ ሰካች።

«ይቆይ» አለች።